በአይስ ሆኪ ጭማሪ ሰዓት የትኛውን ቁጥር እንመን?

መደበኛው 60 ደቂቃ አለቀ። ውጤቱ 2 ለ 2። የስክሪኑ ጥግ ላይ ሙከራ 38 ለ 24 ይላል። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው እርግጠኛ ነው፤ «ባለ 38ቱ ይበላዋል፣ አለቀ» ይላል። ጭማሪው ይጀመራል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ባለ 24ቱ ያገባና ሁሉም ወደ መልበሻ ክፍል ይገባል።

እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ለረጅም ጊዜ «ዕድል ነው» እያልኩ አልፈው ነበር። ዕድልማ አለበት። ትልቁ ስህተት ግን የኔ ነበር። አምስት ለአምስት ለሚደረግ ጨዋታ የተሠራ ሚዛን ይዤ ሦስት ለሦስት ስመዝንበት ኖሬያለሁ። ስለዚህ እዚህ ሁለት ምርጫዎችን እናያለን። ጭማሪ ሰዓት ስታዩ የትኛውን ቁጥር መያዝ ይሻላል? አሰልጣኙስ የትኛው ታክቲክ ያዋጣዋል? ሁለቱ ጥያቄዎች የተያያዙ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። «ሦስት ለሦስት» ስል ደግሞ በረኛው ሳይቆጠር ነው።

መጀመሪያ የጭማሪውን ዓይነት ለዩ

በሰሜን አሜሪካው ሊግ በኤንኤችኤል ስማቸው አንድ፣ ጠባያቸው ለየቅል የሆኑ ሁለት ጭማሪ ሰዓቶች አሉ። በመደበኛው የውድድር ዘመን 5 ደቂቃ፣ ሦስት ለሦስት ይጫወታሉ። ቀድሞ ያገባ ያሸንፋል። ካልተገባ ወደ መለያ ምት ይሄዳሉ። በፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ዘመን በኋላ ለዋንጫ በሚደረገው ጥሎ ማለፍ) ግን አምስት ለአምስት፣ ሙሉ 20 ደቂቃ ነው። ካልተገባ ሌላ 20፤ አሁንም ካልተገባ እንደገና። መለያ ምት የሚባል ነገር የለም። የእግር ኳሱን የድሮ «ወርቃማ ጎል» የምታስታውሱ ካላችሁ ያው እሱ ነው፤ ማብቂያ ሰዓት ብቻ የለውም።

የመደበኛው ዘመን ጭማሪ እዚህ የደረሰው ብዙ ተቀያይሮ ነው። በ1942 በጦርነቱ ምክንያት የባቡር ጉዞ ሲገደብ ጭራሽ ቀርቶ ነበር። በ1983-84 በ5 ደቂቃ ተመለሰ። ያኔ አምስት ለአምስት ነበር። በ1999-2000 አራት ለአራት ሆነ። በጭማሪ የተሸነፈ ቡድንም አንድ ነጥብ ይዞ መሄድ ጀመረ። በ2005-06 መለያ ምት ገባ። በ2015-16 ደግሞ ሦስት ለሦስት መጣ።

የመጨረሻው ለውጥ ምን እንዳመጣ ቁጥሩ ይናገራል። በ2014-15፣ አራት ለአራት በነበረበት ዘመን፣ 306 ጨዋታዎች ወደ ጭማሪ ሄደው 170ዎቹ በመለያ ምት አለቁ። በቀጣዩ ዘመን 275 ሄደው በመለያ ምት ያለቁት 107 ብቻ ናቸው። ከየቡድኑ አንድ ሰው ቀነሱ፤ ጎሉ ከመለያ ምቱ ቀደመ።

በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ውድድሮች ደግሞ ሌላ ነገር ታያላችሁ። የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ አቻ ከሆነ ሦስት ለሦስት እየተጫወቱ ጎል እስኪገባ ይቀጥላሉ። በ2021 ካናዳ ፊንላንድን 3 ለ 2 ያሸነፈችው በዚህ መንገድ ነው፤ ጎሉን ያገባው ኒክ ፖል ነበር። እንግዲህ አንድ ጨዋታ ከማየታችሁ በፊት ደንቡን ጠይቁ። ስንት ለስንት ነው? ስንት ደቂቃ ነው? መለያ ምት አለው? ቁጥር የምትመርጡት ከዚያ በኋላ ነው።

አራቱ ቁጥሮች

አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ዒላማውን የጠበቀ ሙከራ። ጎል የሆነ ወይም በረኛው ያዳነው ማለት ነው። የግቡን ብረት መትቶ የተመለሰ አይቆጠርም። ይሄ ሁሌም ያናድደኛል። በጨዋታው በሙሉ ለጎል የቀረበችው ፓክ (በሆኪ የኳስ ቦታ ያላት ጠፍጣፋ ክብ ጎማ) ብረት የመታችው ሆና ሳለ መዝገቡ ላይ እንዳልተመታች ትሆናለች።

ሁለተኛው ኮርሲ ይባላል። ወደ ግብ የተመታ ነገር በሙሉ ይቆጠራል። ዒላማውን የጠበቀ፣ የሳተ፣ ተከላካይ አካል ላይ ያረፈ፣ ሁሉም። ስሙ የመጣው የቡፋሎ ሴበርስ የበረኞች አሰልጣኝ ከነበሩት ከጂም ኮርሲ ነው። ሦስተኛው ፌንዊክ ከኮርሲ አንድ ነገር ብቻ ይቀንሳል፤ ተከላካይ የመለሰውን አይቆጥርም። ሊጉ ራሱ ከ2015 ጀምሮ ኮርሲን «የሙከራ ድምር» ብሎ በይፋ ማውጣት ጀምሯል።

አራተኛው የሚጠበቅ ጎል ነው። ከእግር ኳስ ኤክስጂ ጋር አንድ ሐሳብ ነው። እያንዳንዱ ሙከራ ከየት፣ በምን አንግል፣ በምን ዓይነት ምት እንደተመታ ይታያል። ተመልሶ የመጣ ፓክ መሆኑም ይታያል። ከዚያ ከዚህ በፊት እንዲህ ዓይነት ሙከራዎች ምን ያህሉ ጎል እንደሆኑ ተሰልቶ ዋጋ ይሰጠዋል።

አምስት ለአምስት ላይ ኮርሲ ድንቅ መሣሪያ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሜዳው በሰው የተሞላ ስለሆነ ንጹህ ዕድል በቀላሉ አይገኝም። ብዙ የሚመታ ቡድን ማለት ብዙ ጊዜ ፓኩን በተጋጣሚ ሜዳ የያዘ ቡድን ነው። የሳተ ምት እንኳ ከግቡ ጀርባ ይዞር ይሆናል እንጂ አደጋ አያመጣም፤ ሁለት ተከላካይ ከኋላ ቆመዋል። ስለዚህ ሙከራ ብዛት የቁጥጥር ጥሩ ምትክ ይሆናል።

ሦስት ለሦስት ላይ ይሄ አመክንዮ ይገለበጣል።

ለምን ይገለበጣል?

ሜዳው ያው ነው። ርዝመቱ 61 ሜትር፣ ወርዱ 26 ሜትር። ተጫዋቹ ግን ከአሥር ወደ ስድስት ወርዷል። አንድ አጥቂ ከጎን ሆኖ ይመታና ይስታል እንበል። ፓኩ ግድግዳውን ተከትሎ በሌላው ጎን ይወጣል። ያን ጊዜ መቺው እና አብሮት የገባው ጓደኛው ግቡ አጠገብ ናቸው። ተጋጣሚው ፓኩን ያነሳና ሁለት ለአንድ፣ ማለትም ሁለት አጥቂ በአንድ ተከላካይ ላይ፣ ይሮጣል። በኮርሲ መዝገብ የመጀመሪያው ቡድን አንድ ነጥብ አገኘ። በእውነቱ ግን ለተጋጣሚው የጨዋታውን ምርጥ ዕድል አመቻቸ።

ተከላካይ አካል ላይ ያረፈ ምት ከዚህም ይብሳል። ፓኩ መሬት ሳይነካ መልሶ ማጥቃት ተጀምሯል።

አንድ ምሳሌ ላስቀምጥ፤ ቁጥሩን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ቡድን ሀ በአምስቱ ደቂቃ ስድስት ጊዜ መታ። ሁለቱ ሳቱ፣ ሁለቱ ተከላካይ ላይ አረፉ፣ ሁለቱን በረኛው ያዘ። ቡድን ለ ሁለት ጊዜ ብቻ መታ፤ ሁለቱም ከሁለት ለአንድ ሩጫ የመጡ ናቸው። ኮርሲ 6 ለ 2 ይላል። የትኛው ቡድን መሆን ትመርጣላችሁ? እኔ ያለ ጥርጥር ቡድን ለን እመርጣለሁ።

ታዲያ የሚጠበቅ ጎል ይሻላል? ይሻላል፣ ግን እሱም ጎዶሎ አለበት። ለሕዝብ ክፍት የሆኑት ስሌቶች የሚሠሩት ከጨዋታው መዝገብ ነው። መዝገቡ ምቱን እንጂ ከምቱ በፊት የነበረውን ቅብብል አይጽፍም። ሦስት ለሦስት ላይ ደግሞ ጎሉን የሚወልደው ቅብብሉ ነው። ፓኩ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ጎን ሲሻገር በረኛው መላ አካሉን ይዞ መንሸራተት አለበት። ሲደርስ ጎሉ ባዶ ነው። ከአንድ ቦታ የተመታ፣ በአንድ ዓይነት ምት የተመታ ሆኖ አንዱ በረኛው ቆሞ የጠበቀው፣ ሌላው እየተንሸራተተ የደረሰበት ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ለሁለቱም አንድ ዋጋ ይሰጣል።

ስለዚህ የኔ ምርጫ ይሄ ነው። ሦስት ለሦስት ስታዩ የሙከራ ቁጥሩን ተዉትና ሁለት ነገር በእጃችሁ ቁጠሩ። አንደኛ፣ ስንት ጊዜ ሁለት ለአንድ ወይም ሦስት ለሁለት ገቡ? ሁለተኛ፣ ፓኩን ማን ለረጅም ጊዜ ያዘ? አምስት ደቂቃ ነው፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል። የሚጠበቅ ጎል ካገኛችሁ ጨምሩበት። ኮርሲን ግን ለፕሌይኦፍ አስቀምጡት።

ሌላም ችግር አለ፤ ናሙናው ትንሽ ነው። በ2015-16 የነበሩትን 275 ጨዋታዎች ለ30 ቡድን ብታካፍሉት፣ በእያንዳንዱ ጨዋታ ሁለት ቡድን ስላለ፣ ለእያንዳንዱ ወደ 18 ይደርሳል። ሁሉም አምስቱን ደቂቃ ቢጨርሱ እንኳ በአጠቃላይ 90 ደቂቃ አካባቢ ነው። አንድ ተኩል ጨዋታ ማለት ነው። «ይህ ቡድን በጭማሪ ሰዓት ጎበዝ ነው» የሚል ሰው ስታገኙ በአንድ ተኩል ጨዋታ ነው የሚፈርደው።

ፕሌይኦፍ ላይ ሙከራ ብዛት ይመለሳል፣ ግን እየተነጫነጨ

እዚህ አምስት ለአምስት ስለሆነ ኮርሲና ፌንዊክ እንደገና ትርጉም አላቸው። ቢሆንም አንድ ጎል ነው የሚወስነው። ሦስት ጨዋታዎችን ጎን ለጎን እንያቸው።

ነሐሴ 2020 ታምፓ ቤይ ከኮለምበስ አምስት ጭማሪ ፔሬድ ተጫወቱ። ታምፓ ዒላማውን የጠበቀ 88 ሙከራ አደረገ፣ ኮለምበስ 63። ብሬይደን ፖይንት አግብቶ ታምፓ 3 ለ 2 አሸነፈ። የኮለምበሱ በረኛ ዮናስ ኮርፒሳሎ 85 አድኖ ተሸነፈ። ሰማንያ አምስት! እዚህ ብዙ የመታው አሸነፈ።

ሚያዝያ 1987 ግን ዋሽንግተን 75 ጊዜ መታ፣ የኒውዮርክ አይላንደርስ 57። ኬሊ ህሩዲ 73 አዳነ፣ ፓት ላፎንቴን በአራተኛው ጭማሪ አገባና አይላንደርስ 3 ለ 2 ወሰደው። ግንቦት 2023 ካሮላይና 65፣ ፍሎሪዳ 60። ሰርጌይ ቦብሮቭስኪ 63 አዳነ። አራተኛው ጭማሪ ሊያልቅ 13 ሰከንድ ሲቀረው ማቲው ትካቹክ ለፍሎሪዳ አገባ።

ከእነዚህ የምወስደው ይሄን ነው። ሙከራ ብዛት ለተከታታይ ሰባት ጨዋታ ትንበያ ይረዳል። ለአንድ ምሽት ግን የበረኛውን ብቃት ሳታዩ እንዳትፈርዱ። በፕሌይኦፍ ጭማሪ ደግሞ አሰልጣኞች «መታ፣ መታ አድርግ» የሚሉት ትክክል ናቸው። እግር ሲዝል፣ በረዶው ሲሸካከር፣ ቆንጆ ቅብብል አይሠራም። ሰው ግቡ ፊት አቁሞ ከሩቅ መምታት፣ አቅጣጫ ማስቀየር፣ ተመልሳ የምትመጣዋን መልቀም ነው የሚያዋጣው። አስቀያሚ ጎልም ጎል ነው። በ1936 ዲትሮይትና ሞንትሪያል ማሩንስ ስድስተኛ ጭማሪ ድረስ ሄደው 1 ለ 0 ያለቀው ጨዋታ እስካሁን የሊጉ ረጅሙ ነው። ማድ ብሩኔቶ ለዲትሮይት ባያገባ ኖሮ ስንት ሰዓት ይቀጥሉ እንደነበር እንጃ።

አሰልጣኙ ምን ይምረጥ?

መያዝ ወይስ መምታት። የሦስት ለሦስት ዋናው ክርክር ይሄ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁሉም ወዲያ ወዲህ ይሮጥ ነበር፤ ለተመልካች ድግስ ነበር። ከዚያ አሰልጣኞች ነቁ። አሁን ፓክ የያዘው ቡድን ዕድሉ ካልጣመው ከተጋጣሚ ሜዳ ይወጣል፣ ወደ ራሱ በረኛ ይመልሳል፣ ሰው ይቀይራል፣ እንደገና ይገባል። ተመልካች ያፏጫል። የክለብ ሥራ አስኪያጆችም መሐል መስመርን አልፎ መመለስ ይከልከል ወይ ብለው ተወያይተውበታል።

እኔ ከያዦቹ ጎን ነኝ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይሠራል፤ ልዩነቱ ያፈሰሱትን የሚለቅመው ተጋጣሚው መሆኑ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። በጭማሪው ቡድኖች ጎን ስለሚቀያየሩ ተቀያሪ ወንበሩ ከራስ ግብ ይርቃል። ስትከላከሉ ለመውጣት ብዙ መንሸራተት አለባችሁ። ፓክ ያጣ ቡድን ቶሎ መቀየር አይችልም። አንድ ደቂቃ ካስሮጣችሁት ሦስቱም ይደክማሉ። ያን ጊዜ ነው መምታት። መያዝ ማለት አለመምታት አይደለም፤ የደከመ ሰው ላይ መምታት ነው።

ከዚህ የተነሳ የመጀመሪያው ፌስኦፍ (ዳኛው ፓኩን በሁለት ተጫዋቾች መሐል ጥሎ የሚያስጀምረው ሽሚያ) ትልቅ ዋጋ አለው። አምስት ለአምስት ላይ አንድ ፌስኦፍ ብዙም አያመጣም። ሦስት ለሦስት ላይ ግን ያሸነፈው የመጀመሪያውን ደቂቃ ሙሉ ሊይዝ ይችላል። ጎበዝ ሴንተር (ፌስኦፉን የሚወስደው የመሐል አጥቂ) ያለው ቡድን እሱን ያስጀምር። ሌላ ብዙ የሚባል የለም።

ሁለት አጥቂ ከአንድ ተከላካይ ወይስ ሦስት አጥቂ? የተለመደው የመጀመሪያው ነው፤ እኔም እሱን እመርጣለሁ። ተከላካዩ ግን እግሩ ፈጣን፣ ፓክ የማይፈራ መሆን አለበት። ምት በአካሉ የሚመልስ ግዙፍ ተከላካይ እዚህ ሸክም ነው። ሦስት አጥቂ የሚያዋጣው አንዱ በተፈጥሮው ወደኋላ የሚመለስ ከሆነ ብቻ ነው።

ቅጣት ከመጣ ግን ስሌቱ ሌላ ነው። ማንም ቡድን ከሦስት በታች ስለማይወርድ ተጋጣሚው አራተኛ ሰው ይጨምራል፤ አራት ለሦስት ይሆናል። እዚህ መያዙን ትታችሁ ምቱ። የሚከላከሉት ሦስቱ ግቡ ፊት ተጨናንቀዋል፤ ፓክ ቢያገኙ እንኳ ብዙውን ጊዜ አርቀው መጣል ነው ሥራቸው። የሳተ ምት ዋጋው ቀላል ነው። ስለዚህ የሙከራ ቁጥርም በዚያ ሁለት ደቂቃ እንደገና ይታመናል። የ2022 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ የተወሰነው እንዲህ ነው። ካናዳዊው ተጫዋች ተቀጥቶ ወጣ፣ ሳካሪ ማኒነን ለፊንላንድ አገባ፣ 4 ለ 3 አለቀ።

ለመለያ ምት መጠበቅስ? አንዳንድ ቡድን ጎበዝ በረኛ ስላለው አምስቱን ደቂቃ ይገፋል። አልመክርም። መለያ ምት ላይ ከሦስት ሙከራ አንዱ ያህል ነው የሚገባው፤ እኩል ካልሆኑ በቀር ሦስት ሦስት ምት ብቻ ስለሆነ ደግሞ ሎተሪ ይመስላል። በታኅሣሥ 2014 ፍሎሪዳና ዋሽንግተን 20 ዙር ሄደው ነው የተለያዩት። ከዚህ በላይ የሠንጠረዡ ጉዳይ አለ። ሁለት ቡድን በነጥብ እኩል ሲሆኑ መጀመሪያ በመደበኛ ሰዓት ያሸነፉት ይቆጠራል፤ ያም እኩል ከሆነ በጭማሪ ያሸነፉት ይጨመራል። የመለያ ምት ድል እዚያ ውስጥ የለም። ሁለት ነጥቡ አንድ ነው፣ ክብደቱ ግን አንድ አይደለም።

የመጨረሻው ምርጫ ደፋር ነው፤ በረኛውን አውጥቶ አራተኛ ተጫዋች ማስገባት። ደንቡ ይፈቅዳል፣ ግን በቅጣት ነው። በረኛ ባወጣችሁበት ሰዓት ጎል ከተቆጠረባችሁ በአቻነት ያገኛችሁትን አንዷን ነጥብ ታጣላችሁ። ፓኩን አራት ለሦስት እስከያዛችሁ ድረስ ጥሩ ነው። አንድ የተሳሳተ ቅብብል ደግሞ ባዶ ጎል ነው። ስለዚህ የሚያዋጣው አንድ ነጥብ ምንም ለማይጠቅመው ቡድን ብቻ ነው፤ በዘመኑ ማብቂያ ላይ ከፕሌይኦፍ ቦታ ርቆ ሁለት ነጥብ ግድ ለሆነበት።

ሚኒሶታ ዋይልድ በመጋቢት 2024 ልክ እዚህ ቦታ ላይ ነበር። ከናሽቪል ጋር በረኛውን አወጣ፤ ማት ቦልዲ አገባና ሁለት ነጥብ ይዞ ሄደ። ያው ወር ሳያልቅ ከቬጋስ ጋር ደገመው። ጆናታን ማርሸሶ ፓኩን ባዶው ጎል ውስጥ ላካት፤ ሚኒሶታ 2 ለ 1 ተሸንፎ ያለ አንድም ነጥብ ከሜዳ ወጣ። በዚያ ዓመት ፕሌይኦፍም አልገባም።